የሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ልክና አጠቃቀም

ሥራ የሰው ልጅ የኑሮው መሠረት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዕረፍትም የሥራው መሠረት ነው። እጁን ያላሳረፈ ሸማኔ ድሩ ይበጠስበታል፤ ዓይኑን ያላሳረፈ ጸሐፊ ቍጥሩ ይሳሳትበታል። ስለዚህም ሠራተኛው በየዓመቱ ደመወዙ ሳይቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው እንዲርቅ ማድረግ በብዙ አገሮች የአሠሪው ችሮታ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

ነገር ግን «ስንት ቀን ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው እንደ ተነሣ ይኖራል። አሠሪው ዕረፍት ሲበዛ ሥራው ይበደላል ብሎ ይሠጋል። ሠራተኛው ደግሞ የተፈቀደለት ቀን ለመንገድና ለቤት ጉዳይ እንኳ አልበቃውም ብሎ ያዝናል። ሁለቱም የሚከራከሩት በቀን ቍጥር ነው። የቀኑ ቍጥር ብቻውን ግን ነገሩን አይገልጸውም። ሠራተኛው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ዕረፍቱ በተከታታይ ወይም ተቈራርጦ እንደሚሰጥ፣ በጊዜውም መወሰዱና አለመወሰዱ አብሮ ሊታይ ይገባል። የሚከተለው ማብራሪያ ይህንኑ በየተራ ያስረዳል።

ወቅት የሚሰጠው ዕረፍትና ሕግ የሚሰጠው ዕረፍት

ለገበሬ የዓመት ዕረፍቱን የሚፈቅድለት ሹም የለም፤ የሚፈቅድለት ወቅቱ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ሰኔ ሲገባ ይዘራል፤ በክረምት ይታረማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ይወቃል። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ጥር ይመጣል። ጥር የሠርግና የዘመድ መጠያየቂያ ወር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎተራው የሞላበት፣ በሬውም ከቀንበር የተላቀቀበት ጊዜ ስለ ሆነ ነው። ከዚህም በላይ ሰንበቱና ወርኀዊው በዓል በየመካከሉ እየገባ የገበሬውን ጉልበት ያሳርፈዋል። የኦሪት ሕግ ሰባተኛውን ቀን ለጌታውና ለአገልጋዩ ብቻ ሳይሆን ለበሬውና ለአህያው ጭምር የዕረፍት ቀን አድርጎ መደንገጉ፣ ዕረፍት ለሚደክም ፍጥረት ሁሉ የተገባ መሆኑን ከጥንት የታወቀ ነገር ያደርገዋል።

ወደ ከተማ የገባው ሠራተኛ ግን ይህ ወቅት ቀርቶበታል። የፋብሪካ መዘውር በጋና ክረምት አያውቅም። የመዝገብ ቤት ጠረጴዛም መከር አልፎ ባዶ የሚሆንበት ወር የለውም። የአውቶቡስ ነጂው፣ የሆስፒታሉ አስታማሚ፣ የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ሥራቸው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ የዓመት ዕረፍት ማለት በአጭሩ ወቅት ለሌለው ሠራተኛ ሕግ የሠራለት ወቅት ማለት ነው።

የሰው ድካም ሦስት ደረጃ እንዳለው ማስተዋል ይጠቅማል። የዕለቱን ድካም ሌሊቱ በእንቅልፍ ይጠግነዋል። የሳምንቱን ድካም የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ይጠግነዋል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ የተደነገገው ስለዚህ ነው። ሦስተኛው ድካም ግን ጥቂት በጥቂት እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው። እንቅልፍ ይነሣል፤ ቍጣ ያበዛል፤ ሥራን ያስጠላል። ይህ በአንድ እሑድ አይለቅም። የዓመት ዕረፍት የተደነገገው ለዚህ ለሦስተኛው ድካም ነው።

ልኩ በዓለም እንዴት እያደገ መጣ?

ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት በሠፊው ሕግ የሆነበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ስለዚህ ጉዳይ የመጀመሪያውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። ይህ ስምምነት ቍጥር 52 የሚባለው ሲሆን፣ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ላገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 6 የሥራ ቀን፣ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ወጣት ደግሞ 12 የሥራ ቀን ፈቀደ። በዓላትና በሕመም ያለፉ ቀኖች በዕረፍቱ ውስጥ እንዳይቈጠሩም አዘዘ።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የፈረንሳይ መንግሥት በሌዎን ብሉም ጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ፈቀደ። በፈረንሳይ ይህ ልክ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ሦስት፣ በ1969 ወደ አራት፣ በ1982 ወደ አምስት ሳምንት ከፍ አለ። አንድ አገር በ46 ዓመት ውስጥ ልኩን ከሁለት ሳምንት ወደ አምስት ማድረሱ፣ የዕረፍት ቍጥር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን እንደ አገሩ ሀብትና እንደ ሕዝቡ ስምምነት የሚወሰን መሆኑን ያሳያል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጀው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በ24ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የማረፍ መብት እንዳለው፣ የሥራ ሰዓቱ በአግባቡ እንዲወሰንለት፣ በየጊዜውም ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲያገኝ ደነገገ። ከዚህ በኋላ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው የምክር ሐሳብ ልኩን ወደ ሁለት ሳምንት፣ በ1970 ባወጣው ስምምነት ቍጥር 132 ደግሞ ወደ ሦስት ሳምንት ከፍ አደረገው። የአውሮጳ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው መመሪያ ቢያንስ አራት ሳምንት እንዲሰጡ ታዘዙ። በአንጻሩ በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ የግል ድርጅት ለሠራተኛው የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ነገሩ ለአሠሪውና ለሠራተኛው ውል የተተወ ነው።

ስምምነት ቍጥር 132 ሁለት ነገሮችን ስላስተማረ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል። አንደኛ፣ ዕረፍቱን በቀን ሳይሆን በሳምንት ለካው። ሁለተኛ፣ ዕረፍቱ ቢከፋፈል እንኳ ሌላ ውል ከሌለ በቀር አንዱ ክፍል ከሁለት ተከታታይ የሥራ ሳምንት እንዳያንስ አዘዘ። የሁለቱም ጥቅም ከዚህ በታች በሚመጣው ስሌት ይታያል።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚሰጠው ልክ

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል በሚናገርበት ክፍል ደመወዝ የሚከፈልበትን የዓመት ዕረፍት ከተቀጣሪው መብቶች ጋር ቈጥሮታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ42ኛው አንቀጽ ሠራተኞች የዕረፍት፣ የመዝናኛና በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ የፈቃድ መብት እንዳላቸው ይናገራል።

የቀኑን ቍጥር በዝርዝር የወሰኑት ግን የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጆች ናቸው። የ1985 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 42 እና የ1996 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 377 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀን ሰጥተው፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ አንድ ቀን ይጨምሩ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1156 ግን መነሻውን ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አድርጎ፣ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን አደረገው።

ይህ ለውጥ ለማን እንደ ጠቀመ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በአንደኛው ዓመት የቀድሞው ሕግ 14 ቀን ሲሰጥ አዲሱ 16 ይሰጣል። በሦስተኛው ዓመት የቀድሞው 16፣ አዲሱ 17 ነው። በአምስተኛው ዓመት ሁለቱም 18 ላይ ይገናኛሉ። ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ የቀድሞው ይበልጣል፤ በ11ኛው ዓመት በ24 እና በ21፣ በ21ኛው ዓመት ደግሞ በ34 እና በ26 ይለያያሉ። እንግዲህ አዲሱ ዐዋጅ የጠቀመው ጀማሪውን ሠራተኛ ነው፤ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ግን ጭማሪው ዘግይቶበታል። ዐዋጁ የሚወስነው ዝቅተኛውን ልክ ስለ ሆነ፣ አሠሪና የሠራተኞች ማኅበር በኅብረት ስምምነት ከዚህ የበለጠ ቀን ቢዋዋሉ የሚከለክላቸው የለም።

የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የተለየ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቍጥር 1064 ለመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን ሰጥቶ፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 30 የሥራ ቀን እንዲደርስ ደንግጎ ነበር።

ከጎረቤት አገሮችም ጋር ማስተያየት ይቻላል። የኤርትራ የ2001 እ.ኤ.አ. የሥራ ዐዋጅ በ14 የሥራ ቀን ይጀምርና በየዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ እስከ 35 ይደርሳል። የኬንያ የ2007 እ.ኤ.አ. ሕግ ከ12 ወር አገልግሎት በኋላ ከ21 የሥራ ቀን ያላነሰ ይሰጣል። በኡጋንዳ የ2006 እ.ኤ.አ. ሕግ ለየአራት ወሩ 7 ቀን፣ በዓመት 21 ቀን ይሆናል። በታንዛንያ የ2004 እ.ኤ.አ. ሕግ ደግሞ 28 ተከታታይ ቀን ነው።

ቀኑን በሳምንት መመንዘር

አሁን ከላይ የተባለው የሳምንት መለኪያ ጥቅሙ ይታያል። ሕጉ «16 የሥራ ቀን» ሲል ቍጥሩ ለሁሉ አንድ ይመስላል። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን ማለት ሦስት ሳምንትና አንድ ቀን ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ግን ሁለት ሳምንትና አራት ቀን ብቻ ነው። የሥራ ሳምንቱ የረዘመበት፣ በዚህም የተነሣ የበለጠ የደከመው ሠራተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ያነሰ ዕረፍት ያገኛል ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል ሦስት ሠራተኞች ይታሰቡ። አንደኛው በፈትል ፋብሪካ በሳምንት ስድስት ቀን በመዘውር ላይ ይቆማል። ሁለተኛው በአንድ የንግድ ድርጅት ቢሮ አምስት ቀን ይሠራል። ሦስተኛው የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ እንደ 2010 ዓ.ም. ዐዋጅ 20 ቀን ይሰጠዋል። ሦስቱም የመጀመሪያ ዓመታቸውን ቢፈጽሙ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል፤ የንግድ ቢሮው ሠራተኛ ሦስት ሳምንት ያህል ያርፋል፤ የመንግሥቱ ጸሐፊ አራት ሳምንት ሙሉ ያርፋል። የፋብሪካው ሠራተኛ ሦስት ሳምንት፣ ማለትም 18 የሥራ ቀን፣ የሚሞላለት በአምስተኛው የአገልግሎት ዓመት ነው።

ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን የሚያሠሩ ድርጅቶችና የሠራተኞች ማኅበራት የኅብረት ስምምነት በሚነጋገሩበት ጊዜ ሊያስቡበት የሚገባ ዋና ነገር ይህ ነው። ለጀማሪው ሁለት ቀን ቢጨመርለት ሦስት ሳምንት ይሞላለታል። ሁለት ቀን ለድርጅቱ ትንሽ ወጪ ነው፤ ለሠራተኛው ግን አንድ ሳምንት ጐደሎ ሆኖ እንዳይቀር ያደርጋል።

ሰውነት ምን ያህል ይፈልጋል?

ሕግ የሚወስነው ሰዎች የተስማሙበትን ነው። ሰውነት የሚፈልገው ልክ ደግሞ በምርምር የሚታወቅ ነው። በኔዘርላንድ 54 ሠራተኞችን በረጅም ዕረፍታቸው ጊዜ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ የሠራተኞቹ ጤናና ደስታ ዕረፍቱ ሲጀመር ቶሎ እየተሻሻለ ሄዶ በስምንተኛው ቀን ከፍተኛው ደረጃ ላይ መድረሱን አመለከቱ። ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ተመልሷል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ሦስትና አራት ቀን እየቈረጡ ብቻ የሚያርፉት ዕረፍት ሰውነት ገና ማገገም ሲጀምር ያልቃል። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በላይ ያልተቋረጠ ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ አንድ ረጅም ዕረፍት ለዓመቱ ሁሉ ስንቅ አይሆንም። ስለዚህ ዕረፍቱን በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ፣ ዋናውን ክፍል በተከታታይ ወስዶ ጥቂት ቀን ለዓመቱ ሌላ እኩሌታ ማስቀረት ይሻላል።

ዕረፍትን ከዕድሜ ጋር ያያዙ ጥናቶችም አሉ። በአሜሪካ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ከ12 ሺህ በላይ ወንዶችን ለዘጠኝ ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ጥናት፣ በየዓመቱ ዕረፍት የሚወጡት ሰዎች ከማይወጡት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። በፊንላንድ በሄልሲንኪ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ 1,222 የሥራ መሪዎችን የተከታተለው ጥናት ደግሞ፣ የጤና ምክር ይሰጣቸው ከነበሩት መካከል በዓመት ሦስት ሳምንት ወይም ከዚያ ያነሰ ያረፉት እስከ 2004 ባለው ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከሦስት ሳምንት በላይ ካረፉት በ37 ከመቶ በልጦ አገኘው። ምክሩ ባልተሰጣቸው ዘንድ ግን ይህ ልዩነት አልታየም።

እነዚህ ጥናቶች በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። ዕረፍት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ኑሮው የተሻለ፣ ጤናውም ቀድሞ የተሟላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜውን ያረዘመው ዕረፍቱ ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። የድካም ጕዳት ግን ከሌላም ወገን የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በአንጎል የደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድሉ በ35 ከመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድሉ በ17 ከመቶ ይበልጣል። በ2016 በዓለም 745 ሺህ ያህል ሰዎች ከዚሁ የተነሣ እንደ ሞቱም ገምተዋል።

በዚህ አገር ደግሞ በውጭ አገር ጥናት ውስጥ የማይቈጠር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መንገዱ ነው። ብዙው የከተማ ሠራተኛ እናት አባቱ ያሉት በሩቅ አውራጃ ነው። በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጕዞ፣ ከዚያ በእግር ወይም በበቅሎ ቀዬው የሚደርስ ሰው፣ ደርሶ መልሱ አራት ቀን ይወስድበታል። አንድ ሳምንት ብቻ ቢፈቀድለት ሦስት ቀን እንኳ ከዘመዱ ጋር ሳይቀመጥ ይመለሳል። ሁለት ተከታታይ ሳምንት ቢሆን ግን መንገዱም ዕረፍቱም ይበቃዋል።

ከዚህ ሁሉ ሲደመደም፣ ለአንድ ዓመት ሙሉ የሠራ ሰው ከሦስት ሳምንት ያላነሰ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ከዚሁም ሁለቱ ሳምንት ሳይቋረጥ ሊወሰድ፣ የቀረው በሌላ ጊዜ ሊከፈል ይችላል። በስድስት ቀን ሳምንት ይህ 18፣ በአምስት ቀን ሳምንት 15 የሥራ ቀን ነው። ሥራው ከባድ ወይም ለጤና አስጊ ለሆነበት፣ ሌሊት ለሚሠራውና በዕድሜ ለገፋው ከዚህ በላይ መጨመር ተገቢ ነው።

በወረቀት ላይ የሚቀር ዕረፍት

የዕረፍት ትልቁ ጠላት የሕጉ ማነስ ሳይሆን የተፈቀደው ቀን በመዝገብ ላይ ተጽፎ መቅረቱ ነው። አንዱ ሠራተኛ «ያለ እኔ ሥራው አይሄድም» ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሹሙ ቅር እንዳይለው ፈርቶ ይተወዋል። ሌላውም ዕረፍቱን በገንዘብ ሊለውጠው ይፈልጋል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ቢመኝ አይፈረድበትም።

ሕጉ ግን ለዚህ በር አልከፈተም። ሠራተኛው የዓመት ዕረፍቱን እንዲተው የሚያደርግ ስምምነት ዋጋ የለውም። በዕረፍት ፈንታ ገንዘብ የሚከፈለው ሕጉ ራሱ በፈቀደው ሁኔታ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለምሳሌ የሥራ ውሉ ተቋርጦ ያልተወሰደ ዕረፍት ሲኖር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕረፍት መሸጥ ከተፈቀደ ድኻው ሁልጊዜ ሻጭ ይሆናል፤ ዕረፍቱም ለባለጸጋው ብቻ የሚቀር ይሆናል።

ሥራው ሲያስገድድ ዕረፍቱ ሊተላለፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከሁለት ዓመት በላይ ሊተላለፍ አይችልም። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ዕረፍት ላይ ያለ ሠራተኛ ሊጠራ የሚችለው አስቀድሞ ያልታሰበ ጉዳይ በሥራው ላይ መገኘቱን ሲያስገድድ ብቻ ነው። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሐዘን የሚሰጠው የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከዓመት ዕረፍቱ የተለየ ነው። የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ይኸውም ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ሐዘን የደረሰበትን ሠራተኛ «ከዓመት ዕረፍትህ ይቀነሳል» ብሎ የሚመልስ ሹም ሕጉን ተሳስቷል።

የሴት ሠራተኛም ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል። ወንዱ ዕረፍት ሲወጣ ከሥራ ይወጣል። ሴቲቱ ግን ከመሥሪያ ቤት ሥራ ወጥታ ወደ ቤት ሥራ ትገባለች። በርበሬ ማዘጋጀት፣ ጤፍ ማስፈጨት፣ ልጅ ማስታመም፣ እንግዳ መቀበል ለዚያ ወር የተቀጠረ ይሆናል። ሕግ ቀኑን ሊሰጣት ይችላል፤ ዕረፍቱን ሊሰጧት የሚችሉት ግን ቤተ ሰቦቿ ናቸው።

የዕረፍት ፈቃድ የማይደርሳቸው

በከተማ ውስጥ የዓመት ዕረፍት የማያውቁ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ተሸካሚው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ሊስትሮው በራሳቸው የሚያድሩ ስለ ሆኑ ያረፉበት ቀን ያልበሉበት ቀን ይሆናል። ለእነዚህ ዕቁባቸውና ዕድራቸው በሕመም ጊዜ እንደሚደርስላቸው ሁሉ፣ ለዕረፍትም ጥቂት ማስቀመጥ ቢለምዱ መልካም ነው።

በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ግን መብት የለውም ማለት አይደለም። በዐዋጁ አቆጣጠር በአንድ ድርጅት የተሠራ 26 ቀን እንደ አንድ ወር አገልግሎት ይቈጠራል። አንድ ዓመት ያልሞላውም በአገልግሎቱ ልክ ተመጣጣኝ ዕረፍት ይገባዋል። ስለዚህ የሠራበትን ቀን በጽሑፍ መያዝና ከአሠሪው ማስፈረም ለእርሱ ትልቅ ጥቅም አለው።

የቤት ሠራተኛ ከአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ ውጭ ናት። ለግለሰብ ቤት አገልግሎት የሚደረግ ውል የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲገዛ ዐዋጁ ተወው። እንግዲህ የእርሷ ዕረፍት በአብዛኛው በአሳዳሪዎቿ ኅሊና ላይ የወደቀ ነው። ለዘመን መለወጫ ወይም ለፋሲካ ወደ አገሯ ደርሳ እንድትመለስ ደመወዟን ሳይቈርጡ፣ የመሳፈሪያዋንም ጨምረው የሚሰጡ ቤተ ሰቦች መኖራቸው የታወቀ ነው። ይህ ልማድ በሁሉም ቤት ሊገባ የሚገባው ነው።

ለሹማምንትና ለሠራተኞች የሚሰጥ ምክር

ዕረፍት በሥርዐት ካልተያዘ ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ ይጠይቃል፤ ቢሮውም በአንድ ወር ባዶ ይሆናል። ይህን ለማስቀረት የክፍል ሹም የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ሲጀምር የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፍላጎት ጠይቆ የዕረፍት ተራ በሰሌዳ ማውጣት ይገባዋል። ልጆች ያሉት በትምህርት ቤት መዝጊያ፣ የገበሬ ልጅ በመከር ወይም በጥር፣ የበዓል ቀን ያለው በበዓሉ እንዲወጣ በመተሳሰብ ሊደለደል ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ዐምና የዘገየው ዘንድሮ ይቅደም።

የሚወጣው ሠራተኛ ሥራውን በጽሑፍ ያስረክብ። የትኛው ደብዳቤ መልስ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ማኅደር በማን እጅ እንዳለ ተጽፎ ካልቀረ ተተኪው ይቸገራል፤ ያረፈውም በቤቱ ሳለ በስልክ ይጠራል። ርክክቡ ለመሥሪያ ቤቱም ሌላ ጥቅም አለው። ገንዘብ ያዡ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤቱ ዕረፍት ሲወጣ ሒሳቡንና ዕቃውን ሌላ ሰው ቈጥሮ ስለሚረከብ፣ ስሕተት ቢኖር ሳይውል ሳያድር ይገለጣል። ዓመት ከዓመት ዕረፍት የማይወጣ ገንዘብ ያዥ በትጋቱ ይመሰገን ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳቡን ከእርሱ በቀር ያየው የለም።

ሠራተኛውም የተሰጠውን ቀን ለተሰጠበት ጉዳይ ያውለው። በዕረፍቱ ወር ሌላ ቅጥር ፈልጎ የሚሠራ ሰው ጥቂት ገንዘብ ያገኝ ይሆናል፤ ወደ ሥራው ሲመለስ ግን እንደ ወጣው ደክሞ ይመለሳል። ለዕረፍት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እንቅልፍን ማጥገብ፣ ዘመድን መጠየቅ፣ የተረሳ መጽሐፍ ማንበብ፣ ልጅን ይዞ መንሸራሸር ወጪ የላቸውም።

እያንዳንዱ ሠራተኛ በየዓመቱ የቀረለትን የዕረፍት ቀን ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ጋር ማስተያየት፣ ሁለት ዓመትም ሳይሞላው በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውን የሚቀበለው ሹምም ቀኑን ወስኖ በጽሑፍ ይመልስለት። ቀኑ የታወቀ ዕረፍት ለሠራተኛው ተስፋ፣ ለሥራውም ዕቅድ ይሆናል።